የዌስተኗ ግዙፍ ሴት ዓይኖች

ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ በእኛ ሕንፃ ሊፍት ወለል ላይ ነጭ የጫማ ዱካ ካያችሁ ጋሼ ዘርይሁን ከሥራ ገብተዋል ማለት ነው። ዱካው የጄሶ ነው። ሕንፃውን የምታጸዳው ሴትዮ በየቀኑ ትቆጣቸዋለች፤ እሳቸውም በየቀኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ይጠይቁና በማግስቱ ያንኑ ይደግሙታል። ለሰው ክብር አላቸው፣ ለወለል ግን የላቸውም።

ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል። ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጥግ፣ ድሮ ፋብሪካ የነበረ ረጅም አዳራሽ አለ። እዚያ ውስጥ ትልልቅ ነገር ይሠራል። ለሰልፍ በዓል የሚሆን ቤት የሚያህል ዝይ፣ ለቲያትር የሚሆን ዘንዶ፣ ሱቅ ደጃፍ የሚቆም ከእኔ የሚረዝም ዶናት። ጋሼ በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል እዚህ አገር ሲገቡ የዚያን አዳራሽ ወለል ሊጠርጉ ተቀጠሩ። አንድ ቀን የዝይዋ አንገት ሲሰበር ማንም ሳያዛቸው ጠገኑት፤ ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ ይዘው አያውቁም፣ የሊፍታችን ወለል ምስክር ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ነገሩ ቀልድ አያጣም። እኛ የሥዕል እንጂ የሐውልት ወግ የለንም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲያዩአቸው “ጣዖት ሠሪው መጣ” ይሏቸዋል። “ለዶናት የሰገደ ሰው ካለ ንገሩኝና ሥራዬን ልተው” ይላሉ እሳቸውም። በዚህ የማይስቁት የእድሩ ሰብሳቢ አቶ እዝራ ብቻ ናቸው። “አንተ ሰውዬ ተጠንቀቅ፣ መልክ ያለው ነገር ባዶውን አይቀመጥም” ብለዋቸው ያውቃሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩና ሳቅኩ። አሁን አልስቅም።

ይመኙሻል እባላለሁ። ከጋሼ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ እኖራለሁ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል፣ እኔ በአማርኛ እጮኻለሁ፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል።

ጋሼን ያሳደጓቸው እህታቸው እትዬ አሰፋሽ ናቸው። እናታቸው በወሊድ ስትሞት እትዬ አሰፋሽ ራሳቸው ገና ልጅ ነበሩ፤ ሕፃኑን አዝለው አሳደጉት። ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ እዚያው ፍቼ ቀሩ። ጋሼ ሚስታቸው ካረፈች፣ አንዲት ልጃቸው ጸዮንም ለሥራ ወደ ካልጋሪ ከሄደች ወዲህ፣ በሳምንቱ ውስጥ የሚጠብቁት ነገር ቢኖር የቅዳሜው ስልክ ነው። እትዬ አሰፋሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ። የጎረቤቱ ወሬ፣ የዶሮውና የዝናቡ ወሬ ሲያልቅ ስልኩን አይዘጉም። ያንጎራጉራሉ። ቃል የለውም፣ ዜማም ነው ለማለት ያስቸግራል፤ በአፍንጫ የሚወጣ ረጅም “እምምም” ነው። ጋሼ ስፒከር ላይ ያደርጉትና ሥራቸውን ይሠራሉ። ሳህን ልመልስ ብዬ ስገባ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ወንድምና እህት ሳይነጋገሩ፣ አንዷ እያንጎራጎረች፣ አንዱ ጫማውን እየጠረገ።

ሊዘጉ ሲሉ እትዬ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ። “ዓይኔን የምትከድን አንተ ነህ፤ እንዳትረሳ።”

“እሺ እትዬ” ይላሉ ጋሼ። በየዓመቱ ሊሄዱ ያስባሉ፤ በየዓመቱ አንድ ዝይ ወይም አንድ ዘንዶ ይቀድማቸዋል።

የእትዬን ፊት የማውቀው ጋሼ ሳሎን ከተሰቀለው ፎቶ ነው። ሰፊ ግንባር፣ በአንድ ወገን ዝቅ የሚል የታችኛው ከንፈር፣ የግራ ቅንድባቸውን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ። በልጅነታቸው ጋሼን አዝለው ሲሮጡ ወድቀው ነው አሉ። ሕፃኑ አልተነካም፣ ቅንድባቸው ግን ተከፈለ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ እጃቸው ወደ ራሳቸው ቅንድብ ይሄዳል።

ኅዳር ላይ ለጋሼ አዲስ ሥራ መጣ። ከከተማ ከተማ የሚዞር የልጆች ዐውደ ርእይ ነው፤ የጥንት ሮማውያን ግዙፍ ሐውልት እንዴት ይሠሩ እንደነበር የሚያሳይ። የአንዲት ሴት ጣዖት ጭንቅላት፣ እጅና እግር እንዲሠሩ ታዘዙ። እኔም ለቅዳሜ ተማሪዎቼ ጥሩ ትምህርት ይሆናል ብዬ ቅዳሜ ይዣቸው ልመጣ ከጋሼ ጋር ተነጋገርኩ። ሥራው ሰኞ በጭነት መኪና ስለሚወሰድ ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ዕድል ነበር።

ማክሰኞ ፋርማሲ ውስጥ እያለሁ ከፍቼ ተደወለልኝ። የጋሼ ዘመድ ነው።

“እትዬ አሰፋሽ ሰኞ ማታ አረፉ” አለኝ። “ዛሬ ቀበርናቸው። ለጋሼ እንዳትነግሪያቸው፤ እናንተ በወጉ አርዱልን።”

የእኛ ወግ ይሄ ነው። ሰው ሲሞት ለሐዘኑ ባለቤት አይደወልም፣ ለጎረቤቱ ነው የሚደወለው። ጎረቤት ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ በር ይንኳኳል፣ መርዶ ይነገራል። ከዚያ በፊት ባለቤቱ ሲቀር ሁሉም ያውቃል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ስልኩን ልዘጋ ስል ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አንድ ነገር ግን ለማንም አትናገሪ” አለኝ። “ዓይናቸው አልከደን አለን። እጃችንን እስክናነሣ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ተመልሶ ይከፈታል። እንደዚያው ቀበርናቸው።”

መድኃኒት እየቆጠርኩ ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋኝና ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

አቶ እዝራንና የእድሩን ሰዎች አማከርኩ። ጸዮን ከካልጋሪ የምትደርሰው ቅዳሜ ማታ ስለነበር እሁድ ማለዳ ይረዱ ተባለ። ጸዮን ይህን ስትሰማ በስልክ ጮኸችብኝ።

“ዚስ ኢዝ ክሬዚ፣ ይመኙሻል! ሂ ሃዝ ኤ ራይት ቱ ኖው። አሁን ኮል አድርጌ እነግረዋለሁ።”

“አንቺ ልጅ፣ እንዳታደርጊው” አልኳት። “ነግረሻቸው ስልኩን ትዘጊያለሽ። ከዚያ ማን ያቅፋቸዋል? ግድግዳው?”

“እስከ እሁድ ግን ሁላችሁም ትዋሹታላችሁ።”

“እንዋሻለን” አልኳት። ተናድጄ ነበር። እዚህ አገር ሞት በቴክስት ሲነገር አይቻለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ የአባቷን ሞት ያነበበችው ካሽ ሬጂስተር ላይ ቆማ ነው። እኔን ወግ የሌላቸው ሰዎች ስለ ወግ አያስተምሩኝም። ጸዮን አልተስማማችም፣ ግን አልደወለችም።

እንግዲህ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ዌስተን ስሄድ ሆዴ ውስጥ የተሸከምኩት ይህን ነው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ያን ቀን ጋሼ ከእኔ ፊት ላይ ምንም ሳያነቡ እንዲያልፍ።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር። ጋሼ ባርኔጣቸው ላይ ጄሶ ተነስንሶ በር ላይ ተቀበሉን። መጀመሪያ ያየነው እግሯን ነው፤ ጣቷ ላይ ልጅ ይቀመጥበታል። ከዚያ እጇን፣ ከዚያ የእንጨት አጽሟን። ጭንቅላቷ በስተ መጨረሻ፣ አዳራሹ ጫፍ፣ መስኮቱን ይዞ ቆሟል። የኔን ቁመት ሁለት እጥፍ ይሆናል። ጀርባውን ሰጥቶን ስለነበር ያየሁት የጄሶ ፀጉሯንና ከጆሮዋ ሥር የተቆረጠ አንድ ትንሽ በር ብቻ ነው።

“ልጆች፣ ኑ” አሉ ጋሼ። “ሮማውያን ግዙፍ ሐውልት ሲያሻቸው ተራራ የሚያህል እብነ በረድ ፈልፍለው ያመጡ ይመስላችኋል?”

“የስ!” አሉ ልጆቹ።

“አይደለም። ማን ያንን ይሸከማል? አስቡበት። ልብስ የሚሸፍነውን ገላ ማን ያያል? ሰው የሚያየው ፊት፣ እጅና እግር ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እነዚያን ብቻ ከእብነ በረድ ይሠሩና ሌላውን በእንጨትና በጡብ ይሞሉታል። ከላይ ልብስ አስመስለው ይሸፍኑታል። ከሩቅ ያየ ሙሉ ሰው ይመስለዋል።”

“ዛት ኢዝ ቺቲንግ” አለች ኤደን። ኤደን የስምንት ዓመት ልጅ ናት፣ ከክፍሌ ሁሉ አፈ ጮሌዋ።

“ብልሃት ነው የኔ ልጅ” አሉ ጋሼ። “ያንን ሁሉ ወደ ላይ የሚያነሱት ደግሞ በትልቅ መንኮራኩር ነው። ሰዎች መንኮራኩሩ ውስጥ ገብተው ይራመዳሉ፤ እነሱ ሲራመዱ ገመዱ ይጠቀለላል፣ ድንጋዩ ይነሣል።”

“ላይክ ሃምስተርስ!” ብለው፣ መንኮራኩር ውስጥ የሚሮጡትን የቤት አይጦች አስታውሰው ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ጋሼም ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ በዚሁ ያልፋል ብዬ።

የነሐሱን ደግሞ በእጃቸው እንዲሠሩት አደረጉ። ትንሽ የጭቃ ጣት አዘጋጅተው ነበር። ጭቃው ላይ ለስላሳ ሰም ለጠፉበት፣ ልጆቹ ሰሙ ላይ ጥፍርና የጣት መስመር ቀረጹ። ከዚያ በሌላ ጭቃ ሸፍነው፣ ቀዳዳ ትተው፣ ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ጠብ ጠብ አለ።

“አሁን በሁለቱ ጭቃ መካከል ምን ቀረ?” አሉ ጋሼ።

“ነቲንግ።”

“አዎ፣ ምንም። ግን ጥፍር ያለው ምንም ነው፣ መስመር ያለው ምንም ነው። የቀለጠውን ነሐስ የሚያፈሱት እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ትልቁን ሐውልት ደግሞ በቁራጭ በቁራጭ ያደርጉታል፤ ክንድ ለብቻ፣ ጆሮ ለብቻ። በኋላ ይገጣጥሙታል። ውስጡ ባዶ ነው። አንዳንዱ ውስጥ አይጥ ይራባበት ነበር ይባላል።”

“ጭንቅላቱም ለብቻ?” አለች ኤደን።

“ጭንቅላቱም። ንጉሥ ሲሞት ወይም ሲጠላ ፊቱን ፍቀው፣ ወይም ጭንቅላቱን አውርደው፣ የሌላ ሰው ያደርጉበታል። ኔሮ የሚባል ንጉሥ ከቤት በላይ ቤት የሚረዝም ሐውልት አሠርቶ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ የፀሐይ አምላክ ነው ተባለ።”

“ሶ... ዘ ኦልድ ፌስ የት ሄደ?”

ጋሼ ምድጃውን ዘጉ። “እሱን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም” አሉ።

ከዚያ ወደ ጭንቅላቱ ወሰዱን። ዞረን ከፊቷ ቆምን።

ልጆቹ “ዋው” አሉ። እኔ ግን የእንጨቱን መወጣጫ ያዝኩ። ሰፊ ግንባር፣ በአንድ ወገን ዝቅ ያለ የታችኛው ከንፈር። ከሳሎኑ ግድግዳ የማውቀው ፊት ነው፤ ከላዬ ሆኖ ያየኛል ልል አልችልም፣ ምክንያቱም ዓይን አልነበረውም። በዓይን ቦታ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ።

“ጋሼ” አልኩ፣ ድምፄ እንዳይሰበር እየተጠነቀቅኩ። “ይቺ ማናት?”

“የሮማዎቹ ጣዖት ናታ። ያው ሥዕሉ” ብለው ግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፈው ሥዕል ጠቆሙኝ። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ቀጭን ፊት፣ ትንሽ አፍ ያላት የእብነ በረድ ሴት ናት። ሁለቱ ምንም አይገናኙም። እሳቸው ግን ሥዕሉንም ጭንቅላቱንም እያዩ ልዩነቱ አልታያቸውም።

“ቅንድቧ ላይ ያለው ምንድን ነው?”

“እሱ ስንጥቅ ነው። ጄሶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ደፈንኩት፣ ተመለሰ። እንደገና ደፈንኩት፣ ያው። ተውኩት አሁን።” ወደ ላይ አዩ። “እንዲያውም ይሄን ፊት መቼ እንደጨረስኩት አላውቅም። ሰኞ ምሳ ሰዓት እጄ ሲሠራ፣ ሲሠራ... ቀና ስል አልቋል።”

እዚህ ምሳ ሰዓት ሲሆን ፍቼ መሽቷል። ይህን ሳስብ በስመአብ አልኩ በልቤ።

ኤደን በዚህ መሃል ከጆሮዋ ሥር ባለችው በር ገብታ ኖሯል። ከውስጥ ድምጿ መጣ።

“ሚስ ይመኙሻል! ዘ ሌዲ ኢዝ ሃሚንግ!”

ልጆቹ ወደ ጭንቅላቱ ተጠጉ። እኔም ሰማሁት። ከጭንቅላቱ ውስጥ የሚወጣ፣ ቃል የሌለው ረጅም “እምምም”። ጄሶው ላይ እጄን ሳደርግ መዳፌ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

“ባቡሩ ነው” አሉ ጋሼ ተረጋግተው። “ባዶ ነገር ባቡር ሲያልፍ ይጮኻል። ዘንዶውም እንዲሁ ነበር።”

እውነትም በመስኮቱ የኤርፖርቱ ባቡር ሲያልፍ አየሁ። ልጆቹ ሳቁ፣ ኤደንም ወጣች። ግን እኔ በደንብ ነው የሰማሁት፤ መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፣ ባቡሩ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ለማንም አልተናገርኩም። ያን ሳምንት አለመናገር ሥራዬ ሆኖ ነበር።

“አሁን ዓይኗን እንገጥማለን” አሉ ጋሼ። “ሮማውያን ለነሐሱ ሐውልት ዓይን የሚሠሩት ከብርጭቆ፣ ከድንጋይ፣ ከአጥንት ነው። በመጨረሻ ነው የሚገባው። ዓይን ሲገባ ሐውልቱ ነቃ ይባላል።” ከሣጥን ውስጥ የድስት ክዳን የሚያህል ነጭና ቡናማ ዓይን አወጡ፣ መሰላሉን ወጥተው በግራው ጉድጓድ ውስጥ አጣብቀው በመዳፋቸው ያዙት። ጋሼ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡ።

ዓይኑ ትንሽ ቆየና ወደቀ። ወለሉን ተንከባሎ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ፣ ወደ እኔ ወደ ላይ እያየ።

“ሙጫውን ቀየርኩ፣ ሚስማርም ሞከርኩ” አሉ ጋሼ ከመሰላሉ ላይ። “አልይዝ አለች። ዛሬ ግን ሳልጨርስ አልሄድም፤ ሰኞ ሊወስዷት ነው።” ሲወርዱ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩ። “እትዬ ደግሞ ዛሬ ምን ነካት? ሰዓቷ አለፈ።”

ልጆቹ ወደ ግዙፉ እግር ሮጠው ነበር። እኔና ጋሼ ብቻ ቀረን። ደወሉ። ስፒከር ላይ ነበር። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ፍቼ ባዶ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚበራ ስልክ ታየኝ።

“ይመኙሻል” አሉኝ። አይተውኝ አያውቁም እንደዚያ። “አንቺ ከፍቼ ሰዎች ጋር ትገናኛለሽ። እትዬ ደህና ናት?”

አፌን ብከፍት እውነቱ ይወጣ ነበር። ከዚያ ግን ወለሉን፣ ሐውልቱን፣ የሚስቁትን ልጆች አየሁ። እዚህ? በባዶ አዳራሽ፣ ያቺ ዓይን አልባ ፊት ከላይ እያየቻቸው፣ ከእኔ በቀር የሚይዛቸው ሳይኖር?

“ኔትዎርክ ተቋርጧል ሲሉ ሰማሁ፣ ጋሼ” አልኩ። “ደህና ናቸው።”

“እሺ” አሉ። ዓይኑን ከእግሬ ሥር አንሥተው አቧራውን በእጅጌአቸው ጠረጉት።

ልጆቹን ለየወላጆቻቸው አስረክቤ ቤቴ ስገባ ጸዮን ከኤርፖርት መጥታ እኔ ጋ ነበረች። ሻይ ጠጥተን ጋደም አልን።

እሁድ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ አቶ እዝራ ከእድሩ ሰዎች ጋር መጡ። ነጠላችንን ለብሰን ወደ ላይ ወጣንና የጋሼን በር አንኳኳን። መልስ የለም። ጸዮን በነበራት ቁልፍ ከፈተች። አልጋው አልተነካም፣ በሊፍቱም ወለል ላይ የጄሶ ዱካ አልነበረም። እኔ ወዲያው ገባኝ። “ዌስተን ናቸው” አልኩ።

በሁለት መኪና ከተማውን አቋርጠን ሄድን። በመንገድ ላይ አቶ እዝራ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። ጸዮን መስኮቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን እንደዚያን ማለዳ ፈርቼ አላውቅም፤ የፈራሁት ሰውየው ብቻቸውን ሰምተውት ከሆነ ብዬ ነው። ከማን እንደሚሰሙት ግን ማሰብ አልፈለግኩም።

የአዳራሹ በር አልተቆለፈም። ስንገፋው መጀመሪያ የተቀበለን ድምፁ ነው። “እምምም...” ረጅም፣ በአፍንጫ የሚወጣ። አቶ እዝራ በሩ ላይ ቆመው አማተቡ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ሐዲዱ ባዶ ነበር፣ ከወዲያም ከወዲህም መብራት አይታይም።

አዳራሹ ጫፍ አንድ አምፖል በርቷል። ጋሼ መሰላሉ ላይ ናቸው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን። ቀረብ ስንል ከንፈራቸው ግጥም ብሎ ተዘግቷል። የሚያንጎራጉሩት እሳቸው አልነበሩም። ሁለቱ ዓይኖች ከታች ሣጥናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። የግራው ጉድጓድ በእርጥብ ጄሶ የዓይን ቆብ ተሸፍኗል። ጋሼ አሁን የቀኙን እየሸፈኑ ነበር፤ በአውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ሰው እንደሚነካ።

ጣታቸው የታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ ተዘጋ ስልክ ቆመ።

ጋሼ ወረዱ። ከባልዲው ውሃ እጃቸውን ታጠቡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ የጄሶ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው ሁላችንን በየተራ አዩን፤ በመጨረሻ ልጃቸውን።

“በሉ ንገሩኝ” አሉ።

አቶ እዝራ ተጠጉ። “ዘርይሁን፣ የመጣንበትን ታውቃለህ?”

“ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ” አሉ ጋሼ። “እጄ ነገረኝ። ግን አልተነገረኝም። ሰው ሳይነግረኝ፣ ሰው ሳይይዘኝ ብቻዬን ላልቅስ? እባካችሁ ንገሩኝ።”

ጸዮን ሮጣ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። በስልክ የጮኸችብኝ ልጅ አሁን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣትም፤ “አባዬ፣ አባዬ” ብቻ ነው የምትለው።

“እህትህ አሰፋሽ አርፋለች” አሉ አቶ እዝራ። “እግዚአብሔር ያጽናህ።”

ጋሼ ያን ጊዜ ጮኹ። ሰው ሁሉ ከበባቸው፣ ትከሻቸውን ያዘ፣ አብሯቸው አለቀሰ። አዳራሹ የለቅሶ ቤት ሆነ፤ ግዙፉ እጅና ግዙፉ እግር በጨለማው ውስጥ እንደ እድርተኛ ዙሪያችንን ቆመዋል። እኔም ያን ሳምንት ያፈንኩትን እንባ ሁሉ እዚያ ጨረስኩት። ወግ ካለቀሰ ሰው ጋር የሚያለቅስ ሰው ማዘጋጀት ነው፤ ከዚህ ሌላ ትርጉም የለውም።

መስኮቱ እየነጣ ሲሄድ ለቅሶው በረድ አለ። ጋሼ ፊታቸውን በነጠላዬ ጠርገው እጄን ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ጄሶ ገና አልደረቀም።

“ይመኙሻል፣ አሁንስ አትዋሺኝም” አሉኝ። “ዓይኗን ማን ከደነላት?”

ከፍቼ የተነገረኝ በጆሮዬ መጣ። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። የከፋ ነገር አልነበረበትም፤ የተኛች አንዲት አሮጊት ነበረች፣ ሁለቱም የዓይን ቆቦቿ ላይ የአውራ ጣት አሻራ የታተመባት።

“እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ” አልኳቸው።